በሚዛን ላይ ያለ መዝገብ፦ አሮጌ ብስክሌቶች፣ ቆራሌዎችና የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ታሪክ

(በታሪክና ቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ መሬት ሥሪት ሲናገር የተለመደ ነው፤ ስለ ውዳቂ ብረት ሲናገር ግን እንግዳ ነገር ይመስላል። ስለዚህ ነገሩን ከየት እንደ ጀመርሁት አስቀድሜ ልግለጽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሆሳዕና ውስጥ ወደ አንድ የብረታ ብረት መሰብሰቢያ ግቢ ሄጄ ነበር። የሄድሁት ለቤቴ አጥር የሚሆን አሮጌ የብረት ቱቦ ፍለጋ ነው። በግቢው የተቀዳደደ ቆርቆሮ፣ የመኪና ባትሪ፣ የተሰበረ የብረት አልጋና የወፍጮ ቤት መዘውር በየዓይነቱ ተከምሯል። በዚህ መካከል አንድ ወጣት ጎማ የሌላት ጥቁር ብስክሌት እየጎተተ አመጣና ሚዛኑ ላይ ጣላት። ባለ ሚዛኑ ቁጥሩን አነበበ፤ ሒሳቡን ከፈለ፤ ብስክሌቷን አንሥቶ ከክምሩ ላይ ወረወራት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጠጋ ብዬ ሳያት ፍሬኗ ከመሪዋ ጋር የተያያዘው በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው። ይህን ዓይነት ብስክሌት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ዕለት ቱቦውን ትቼ የብስክሌቷን ቅሪት በኪሎ ገዝቼ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በሾኔ ያሉ ግቢዎችን፣ ያገለገለ ዕቃ የሚቸረቸርባቸውን መደቦችና የብስክሌት ጠጋኞችን ደጅ ስጠና ቆይቻለሁ።

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። በእነዚህ ግቢዎች በኪሎ የሚሸጠው ብረት የከተሞቻችን የሥራና የጉዞ ታሪክ መዝገብ ነው። መዝገቡ ግን በጭነት መኪና እየተጫነ ወደ ማቅለጫ በመሄድ ላይ ይገኛል። የምናነበው ከሆነ ጊዜው አሁን ነው።

ፋይል ያልተከፈተለት ዕቃ

አካባቢያችን በጽሑፍ ሰነድ ብዙም የታደለ አይደለም። የሀዲያን ታሪክ በስፋት ያጠናው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ሥራውን በ1980 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም በእጅጉ የተመረኮዘው በሽማግሌዎች አንደበት ላይ ነበር። ሆሳዕና በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የአውራጃ ዋና ከተማ ሆና በቆየችበት ዘመን የተጻፉ ፋይሎችን የሚያገላብጥ ተመራማሪ ግብርን፣ የመሬት ክርክርንና ሹመትን ያገኛል። የአንድ ድሬሰር መድኃኒት ከከተማ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ በምን እንደ ተጓዘ፣ የገጠር አስተማሪ ደመወዙን ሊቀበል በምን እንደ መጣ፣ የአገዳ ቆራጭ ከዓመት በኋላ ወደ ቀዬው ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ለማወቅ ግን ሌላ ምንጭ መፈለግ ግድ ይለዋል።

ስለ ብስክሌት የምናስታውሰውም ቢሆን በአብዛኛው ውድድርን የሚመለከት ነው። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ሲሆን ከተላኩት ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ስማቸው በክብር ተመዝግቧል፤ ይገባቸዋልም። ብስክሌትን ለእንጀራው የነዳው ሰው ግን ስሙን የሚያነሣለት የለም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ኤጀርተን በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዕቃዎችን ታሪክ ከተፈጠሩበት ቀን ይልቅ ሰዎች ከተገለገሉባቸው ዘመን አንጻር መጻፍ እንደሚገባ ተከራክሯል። ዴቪድ አርኖልድም በ2013 እ.ኤ.አ. ስለ ሕንድ በጻፈው ሥራ ብስክሌትን ከልብስ ስፌት መኪና፣ ከጽሕፈት መኪናና ከሩዝ ወፍጮ ጋር አሰልፎ የተራውን ሰው ዘመናዊነት መርምሮበታል። እኔም እነዚህን ሥራዎች ካነበብሁ በኋላ፣ ለእኛ አገር እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልስ መዝገብ የት ይገኛል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ በየጠዋቱ በደጃችን እየጮኸ የሚያልፈው ቆራሌው ሆኖ ተገኘ።

ጠያቂዎቹ

«ቆራሌው» የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ። ከእርሱ ጎን «ልዋጭ» አለ፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጥ ነጋዴ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ የሚጎርፍበት ምናለሽ ተራ አለ፤ ስሙ ራሱ «ምን አለሽ?» የሚል ጥያቄ ነው። እነዚህን ስሞች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ከእኛ ከታሪክ ሰዎች ቀድመው በየበሩ እየዞሩ ምን አላችሁ ብለው የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው። ልዩነቱ እነርሱ የዕቃውን ክብደት፣ እኛ ታሪኩን መፈለጋችን ነው።

ብስክሌት ወደ ግቢው ሙሉ ሆኖ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። የውስጥ ጎማው ተሰንጥቆ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል። ቸርኬው የሕፃናት መጫወቻ ሆኖ በየሜዳው ይነዳል። መሪው፣ ኮርቻውና ፔዳሉ በገበያ ቀን ከአሮጌ ቁልፍና ከፋኖስ ጋር መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ወደ ሚዛኑ የሚደርሰው የቀረው አጥንት ነው። ስለዚህ የአንዲትን ብስክሌት ታሪክ የሚከተል ሰው ከግቢ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጠጋኝ መመላለስ ይኖርበታል።

ብረትን ማንበብ

ብረት ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ለሚያነበው ይናገራል። ሦስት የንባብ ስልቶችን ላቅርብ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ወሰን አለው።

የመጀመሪያው ቃል ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ፓራፋንጎ፣ ጎማ የሚጠግነውም ጎሚስታ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ብስክሌትን ወደ እኛ ያመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ነገር ግን ቃልና ዕቃ ሁልጊዜ አብረው አይጓዙም። እነዚህ ቃላት የጋራዡን ቋንቋ ይነግሩናል፤ በጋራዡ ውስጥ የቆመችው ብስክሌት የት እንደ ተሠራች ግን አይነግሩንም።

ሁለተኛው የብሎን ጥርስ ነው። ፔዳሎቹ የሚሽከረከሩበት ዘንግ በግራና በቀኝ በሁለት ክዳኖች ተይዟል። በእንግሊዝ ሥርዓት በተሠራ ብስክሌት፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው የቀኙ ክዳን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይፈታል። በጣሊያን ሥርዓት ግን ሁለቱም ክዳኖች እንደ ማንኛውም ብሎን ይፈታሉ። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አልነበረም። ሺንሺቾ ውስጥ ከአንድ አረጋዊ ጠጋኝ ፊት ቁጭ ብዬ አንዱን ክዳን ለመፍታት ስታገል፣ ጥቂት ተመልክተውኝ «ልጄ፣ ጉልበትህን አታባክን፤ ይህቺ ወደ ቀኝ ነው የምትፈታው» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ ብጠይቃቸው እጃቸውን አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ በየግቢው ከሞከርኋቸው ጥቁር ብስክሌቶች መካከል የሚበልጡት ወደ ቀኝ የሚፈቱ ሆነው አገኘኋቸው። ይህም ቃሉ ጣሊያን ሆኖ ብረቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሕንድና የቻይና ፋብሪካዎች የእንግሊዙን ብስክሌት ንድፍ ተከትለው ሠርተዋል። ስለዚህ የጥርሱ አቅጣጫ የሚነግረን የንድፉን ዘር ነው፤ የፋብሪካውን አገር በእርግጠኝነት አይነግረንም።

ሦስተኛው ቀን ነው። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ይሠራ የነበረው ስተርሚ-አርቸር የተባለ ድርጅት ሦስት ማርሽ በውስጡ የያዘ የኋላ ቸርኬ እምብርት ያመርት ነበር። ድርጅቱ በእምብርቱ ላይ የተሠራበትን ዓመትና ወር በአኃዝ ያትም ነበር። እንዲህ ያለውን እምብርት በዱራሜ የገበያ ቀን፣ ከዛጉ ቁልፎች ክምር ውስጥ አገኘሁ። በናፍጣ አጥቤ በብረት ብሩሽ ስፈትገው 56 የሚል ቁጥር፣ ከሥሩም 8 የሚል ብቅ አለ። 1956 እ.ኤ.አ.፣ ስምንተኛው ወር፤ በእኛ አቆጣጠር የ1948 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም መሆኑ ነው። በሃያ ዓመት የምርምር ሥራዬ እንዲህ ቁርጥ ያለ ቀን የያዘ የአካባቢ ሰነድ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚመሰክረው የእምብርቱን ውልደት ነው፤ መቼና በማን እጅ ወደ ዱራሜ እንደ ደረሰ አይመሰክርም። በኖቲንግሃምና በዱራሜ ገበያ መካከል ያለውን ረጅም ጊዜ የሚሞሉት ሰዎች ናቸው።

ከወንጂ መልስ

ይህን ክፍተት ለመሙላት ስሞክር ሽማግሌዎችም ጠጋኞችም ደጋግመው የጠሩልኝ ስም አለ፤ ወንጂ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ወንጂ ላይ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ድርጅቱ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት እስኪወረስ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ በአዋሽ ዳር አገዳ ከቆረጡት ወዛደሮች እጅግ ብዙዎቹ ከከምባታና ከሀዲያ የሄዱ ነበሩ። የሕዝቡ ብዛትና የመሬቱ ጥበት ይገፋቸዋል፤ ለግብርና ለጥሎሽ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ይስባቸዋል። ይህ ፍልሰት በሠራተኛው ታሪክ ውስጥ በሚገባ የታወቀ ነው። ያልተጠየቀው ጥያቄ ሲመለሱ ምን ይዘው ተመለሱ የሚለው ነው።

ከእነርሱ አንዱ አባቴ ነበር። እኔ ሳልወለድ ከአንጋጫ አካባቢ ተነሥቶ ለጥቂት ዓመታት አገዳ ቆርጧል። በመጨረሻው ዓመት ካጠራቀመው ገንዘብ አንዲት ጥቁር አሮጌ ብስክሌት ገዛ። በጭነት መኪና ላይ አስጭኖ እስከ አላባ ቁሊቶ አመጣት። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። «ከአላባ እስከ ቤቴ እኔ እርሷን ተሸከምሁ እንጂ እርሷ እኔን አልተሸከመችም» እያለ ሲያጫውተን አስታውሳለሁ። ብስክሌቷ በሰፈራችን የአንድ ሰው ንብረት ሆና አልኖረችም። ደብዳቤ ታደርስ ነበር፤ ቡና ወደ ገበያ ታወርድ ነበር፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ከኋላዋ ተቀምጦ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ የማቀርበው ግምት አለ። ብስክሌት ወደ ከተሞቻችንና ወደ ገጠሮቻችን ከገባባቸው መንገዶች አንዱ የወዛደሩ ትከሻ ነው። ሹማምንትና ሚስዮናውያን፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ከወንጂ የተመለሰው ሰው ግን ከታሪኩ ሊጎድል አይገባም። ይህ ገና ሊፈተሽ የሚገባው ግምት ነው፤ የሚፈተሽበት ማስረጃ ደግሞ ሚዛን ላይ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል። በ1990 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ስነሣ የመጓጓዣ ገንዘብ አጠረኝ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ብስክሌቷ ከማእድ ቤቱ ጓዳ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የብረት ሰብሳቢው ድምፅ ከመንገድ ሲሰማ እኔው ወጥቼ ጠራሁት። ሚዛን እንኳ አልያዘም፤ በእጁ ብድግ አድርጎ ክብደቷን ገመተ። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ሰውየው ሊወስዳት ሲል ብቻ ቀረብ አለችና አባቴ ኮርቻውን ያለበሰበትን ጨርቅ ፈትታ አስቀረች። እኔ የታሪክ ምሩቅ ነበርሁ። በእምብርቷ ላይ ቁጥር ይኑር አይኑር አላየሁም። ወንጂ ውስጥ ከማን እንደ ተገዛች እናቴን አልጠየቅሁም። ዛሬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። በየግቢው የምዞረው ያችን ብስክሌት አገኛለሁ ብዬ አይደለም፤ እንደማላገኛት አውቃለሁ። የምዞረው ሌላው ሰው ያባቱን ሲሸጥ ቢያንስ አንድ ሰው ደብተር ይዞ አጠገቡ እንዲገኝ ነው።

ከሚዛን ወደ ማቅለጫ

ብስክሌቶቹ ለምን አሁን ይህን ያህል ወደ ሚዛን ይመጣሉ? ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የዚህ አካባቢ ወጣት በብዛት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በዚህ አዳራሽ ወንድም ወይም እኅት ያልላከ ቤተሰብ ያለው ብዙ አይመስለኝም። ከዚያ የሚላከው ገንዘብ የከተሞቻችንን መልክ ለውጧል። በቆርቆሮ ቤት ፈንታ ፎቅ ቆመ፤ በብስክሌት ፈንታ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ መጣ። በዚህ አላዝንም። ምጥ የያዛትን እናት ዳገቱን የሚያወጣት ባጃጅ እንጂ የአባቴ ብስክሌት አይደለችም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ቤት ሲፈርስ ጓዳው ይጸዳል፤ ጓዳው ሲጸዳ ብስክሌቷ ትወጣለች። ቆራሌው ይገዛል፤ ግቢው ያከማቻል፤ የጭነት መኪናው ወደ ማቅለጫ ፋብሪካዎች ይወስዳል። የቀለጠው ብረት ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። እንግዲህ የአባት ብስክሌት በልጅ ቤት ዓምድ ውስጥ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። አባትየው ወደ ወንጂ፣ ልጅየው ወደ ጆሃንስበርግ ሄዱ። ሁለቱም የሄዱት መሬቱ ስለ ጠበበ ነው፤ ሁለቱም የሄዱበትን የሚመሰክር ዕቃ ይዘው ወይም ልከው ተመልሰዋል። ብስክሌቷና ፎቁ የአንድ ታሪክ ሁለት ምዕራፎች ናቸው። የምንሰጋው የመጀመሪያው ምዕራፍ ቀልጦ ሁለተኛው የሚጻፍበት ቀለም እንዳይሆን ነው። ያኔ የደቡብ አፍሪካው ጉዞ ካለ ታሪክ የመጣ፣ ትናንት የሌለው እንግዳ ክሥተት መስሎ ይታየናል፤ ስለ ፍልሰት የሚጻፈው ጥናትም አያት የሌለው ይሆናል።

ምን እናድርግ?

አንድ ባልደረባዬ ይህን ሐሳብ ሳካፍለው «አንድ እምብርትና አንድ አባት ታሪክ አይሆኑም» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ብዛት ያስፈልገናል፤ ብዛት ደግሞ በአንድ መምህር አይገኝም።

ሥራው ቀላል ነው። ብስክሌቷ ሚዛን ላይ ከመውጣቷ በፊት ፎቶግራፍ አንሡ። ስም ወይም አርማ ካለ መዝግቡ። የፔዳሉ ዘንግ ክዳን ወደየት እንደሚፈታ ሞክሩ። እምብርቱን አጽድታችሁ ቁጥር ፈልጉ። የተበየደ ቦታ ካለ ልብ በሉ፤ ብየዳ የጥገና ታሪክ ነው። ከሁሉ በላይ ሻጩን ጠይቁ፦ የማን ነበረች? ከየት መጣች? ምን ትሸከም ነበር? ሻጩ ባያውቅ ቤት ያሉት አዛውንት ያውቃሉ። ዕቃውን መግዛት ግዴታ አይደለም። የገዛችሁ እንደ ሆነም በኪሎው ዋጋ ግዙ፤ የጥንት ዕቃ ገበያ ፈጥረን ሰብሳቢውን ከእንጀራው ማፈናቀል አንፈልግም። እርሱ የዚህ ጥናት ባላጋራ አይደለም፤ ዋናው መንገድ መሪያችን ነው። ጠጋኞቹንም አትርሱ። የሺንሺቾው አረጋዊ እጅ የሚያውቀውን እኔ የትም ተጽፎ አላገኘሁትም፤ እርሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ጠፋን የምትሉ ተማሪዎች ይህን አስቡበት። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ፈቃደኛ ከሆኑ ተማሪዎች ጋር ንግግሬን ወደ ጀመርሁበት ግቢ እሄዳለሁ። ደብተር፣ የብረት ብሩሽና ጥቂት ናፍጣ ይዛችሁ ኑ። ባለ ሚዛኑ አስፈቅዶናል፤ በክምሩ ውስጥ አራት የብስክሌት አጥንቶች መኖራቸውንም ነግሮኛል። መኪናው የሚጭነው ሰኞ ነው።